ስለ ቅንጦት ሴዳኖች የሚወሩ ስህተቶች፣ ከነእውነታቸው

መርሰዲስ ኤስ-ክላስ፣ ቢኤምደብሊው 7፣ አውዲ ኤ8፣ ሌክሰስ ኤልኤስ፣ ጄነሲስ ጂ90። ስማቸው ሲነሳ ብዙ ሰው ልቡ ይሸፍታል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሩን ገፋ ሲያደርጉት ቀሪውን ራሱ ስቦ ይዘጋል፣ ወንበሩ ጀርባ ያሻል፣ የመንገዱ ጫጫታ ውጭ ይቀራል። ችግሩ ባለቤቱን የሚያስደስተው ዕቃና ኪሱን የሚያራግፈው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑ ነው። ስለነዚህ መኪኖች የሚደጋገሙት የተሳሳቱ አባባሎችም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«ባለቤቶች በጣም የወደዱት መኪና የማይበላሽ መኪና ነው»

አይደለም፤ ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ መስፈሪያ ነው። የአሜሪካው ጄ.ዲ. ፓወር በየዓመቱ ባለቤቶችን እየጠየቀ ውጤት ያወጣል፤ በማስታወቂያ ላይ «1ኛ ወጣ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የእሱ ነው። ኤፒል የሚባለው ጥናቱ አዲስ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት መኪናውን ምን ያህል እንደወደደው ከ1,000 ነጥብ ይሰጣል። ስለ ብልሽት የሚጠይቁት ጥናቶች ሌሎች ናቸው። አንዱ በዚያው በ90 ቀን ውስጥ ከ100 መኪኖች ስንት ችግር እንደተመዘገበ ይቆጥራል፤ ሌላው 3 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ያያል። በኤፒል የበዛ ነጥብ ያስመሰግናል፤ በነዚህኞቹ የሚያስመሰግነው ያነሰ ቁጥር ነው። ስክሪንና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ዕቃ የበዛበት መኪና ኤፒል ላይ ከፍ ብሎ ብልሽት ላይ ቢወድቅ የሚያስገርም አይደለም። 90 ቀን ደግሞ የጫጉላ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው የሞተር ዘይት እንኳ ገና አልተቀየረም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ማየት ያለበት የ3 ዓመቱን ነው። እሱም ቢሆን በ8ኛው ዓመት ስለሚመጣው አይነግረውም።

«ኋላው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ መጠን ነው»

ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ ቁጥሩ የሚናገረው መኪናው በአቅም ከወንድሞቹ የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ነው። መርሰዲስ ሲ 300 ባለ 2.0 ሊትር 4 ሲሊንደር ነው፤ ቢኤምደብሊው 330አይም እንዲሁ። በ2020 የወጣው ኤስ-ክላስ ደግሞ «ኤስ 500» ተብሎ የተሸከመው ባለ 6 ሲሊንደር 3.0 ሊትር ነው። መለዋወጫ ሲያዙ በዚህ ቁጥር አይመኑ፤ ባለ 17 ፊደልና አኃዙን የሻንሲ ቁጥር ይስጡ።

«ሌክሰስ ኢኤስ ማለት ትንሹ ኤልኤስ ነው»

በመልክ ይመሳሰሉ ይሆናል፣ በአጥንት ግን አይገናኙም። ኢኤስ ከቶዮታ ካምሪ ጋር መሠረት የሚጋራ፣ የፊት ጎማው የሚጎትት መኪና ነው። ኤልኤስ ከ1989ኙ ኤልኤስ 400 ጀምሮ በኋላ ጎማ የሚገፋ፣ ለብቻው የተሠራ መኪና ነው። ይህ ኢኤስን አያሳንሰውም። እንዲያውም ክፍሎቹ በብዛት የሚገኙ በመሆናቸው ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው መንገደኛ ጭኖ ለሚውል ሾፌር፣ ከኤልኤስ ይልቅ የሚያዋጣው እሱ ነው።

«ቸርኬው በተለቀ ቁጥር መኪናው ይመቻል»

ስሌቱ ቀላል ነው። 255/50 R18 የሚል ጎማ የጎኑ ቁመት የ255 ሚሊ ሜትር 50 በመቶ፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 255/35 R21 ሲሆን 89 ሚሊ ሜትር ይቀራል። የሁለቱ ጎማ ጠቅላላ ከፍታ እኩል ነው፤ የጠፋው 38 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ሲመጣ የሚተጣጠፈው ጎማና አየር ነበር፣ አሁን ቦታውን ብረት ይዞታል። ቸርኬ የሚጣመመውና ጎማ ጎኑ ላይ እንደ ዕንቁላል የሚያብጠው ለዚህ ነው። ጎኑ ያበጠ ጎማ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ ጎሚስታ ሊለጥፈው አይችልም፣ ይጣላል። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል የፈቀደውን ትንሹን ቸርኬ መምረጥ ነው። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፤ የፍሬኑ አካል አያስገባውም።

አንድ ነገር እግረ መንገድ፦ ብዙ ቢኤምደብሊውዎች አየር ቢጨርስም የሚሄድ ጎማ ይዘው ትርፍ ጎማ የላቸውም። «የሚሄደው» በተለምዶ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፣ ያውም በሰዓት ከ80 ሳይበልጡ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ጠባብ ነው።

«የአየር ሳስፔንሽን አንዴ ከወረደ መኪናው አለቀለት»

ጎማው ላይ እንደሚተነፍስ ትራስ የሚያንሳፍፈው ይህ ክፍል ነው፤ ኤስ-ክላስ ከ1998 ጀምሮ ይዞት ይመጣል። ሥራው ግን ምሥጢር የለውም፦ በየጎማው ላይ አየር የሚይዝ የጎማ ከረጢት፣ አየሩን የሚሞላ ኮምፕረሰር፣ የሚያከፋፍል ቫልቭ፣ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር።

ብልሽቱ የሚጀምረው በጸጥታ ነው። ከረጢቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በዕድሜ ብዛት ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። መኪናው አድሮ ጠዋት በአንድ ጥግ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። አብዛኛው ባለቤት «ተነሳ እኮ» ብሎ ይተወዋል፤ ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። አየሩ ባለቀ ቁጥር ኮምፕረሰሩ እየተነሳ ይሞላል፤ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። አንድ ከረጢት የነበረው ጥገና ከረጢትና ኮምፕረሰር ይሆናል፤ አንዳንዴም ሪሌው፣ ማለትም ኮምፕረሰሩን በኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ተጣብቆ ይጨመርበታል።

ፍሳሹን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ከፍ ብሎ ቆሞ ሳለ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ በከረጢቱ መታጠፊያና የአየር ቱቦው በሚገባበት ጫፍ ላይ መርጨት ነው። አረፋ እያበጠ የሚቀጥልበት ቦታ የሚያፈሰው ነው። ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ ጥጎች አብረው ከወረዱ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ይዞራል። አራቱም ወርደው ኮምፕረሰሩ ድምፅ ከሌለው መጀመሪያ ፊውዝና ሪሌ ይታይ።

ክሪክ ከመግባቱ በፊት በመኪናው ሜኑ ያለውን የክሪክ ሁኔታ ማብራት፣ ወይም መመሪያው በሚያዘው መንገድ ከፍታ ማስተካከያውን ማጥፋት ያስፈልጋል። አዲስ ከረጢት ከተገጠመ በኋላ ደግሞ አየር ሳይገባበት የመኪናውን ክብደት መሬት ላይ ማሳረፍ አይቻልም፤ ባዶው ከረጢት ተጣጥፎ ይቆነጠጥና በዚያው ቀን ይቀደዳል። በተራ ሞላ መቀየር ይቻላል፣ የሚሸጡ ሙሉ ዕቃዎችም አሉ። ያኔ ግን መኪናው የተገዛበት ልስላሴ አብሮ ይሄዳል፤ የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያም በኮምፒውተር ካልተስተካከለ አይጠፋም።

«የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም»

የአንዳንድ አምራቾች መመሪያ እንዲህ ይላል። በብዙዎቹ ቢኤምደብሊውና አውዲ ሴዳኖች የሚገጠመውን ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ዕቃውን የሠራውን መስማት ይሻላል። ዘይቱ ያለሰልሳል ብቻ ሳይሆን ማርሽ የሚያስገባውን ግፊት የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ሲያረጅ መኪናው ከማርሽ ወደ ማርሽ ሲሸጋገር ይነጥራል ወይም ያመነታል።

በዚህ ካምቢዮ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) የለውም። መኪናው ደልዳላ ሊፍት ላይ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚፈታው ጎኑ ላይ ያለው የመሙያ ቡሎን ነው፤ እሱ ዝጎ አልፈታ ካለ ዘይቱን አፍስሶ መሙያ አጥቶ መቅረት አለ። ቀጥሎ የማፍሰሻው ይፈታል። ከሥር ያለው የፕላስቲክ ሳህን ፊልትሮው አብሮት የተሠራ ስለሆነ ሙሉው ይቀየራል፤ ብሎኖቹ በተራና በመጠን ይጠብቃሉ፣ በጉልበት ከተጠበቁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከ5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ይፈስሳል፤ ቀሪው ሞተሩን ከካምቢዮው በሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ዘይት በመሙያው ሞልቶ እስኪፈስ ይጨመራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየቦታው ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒውተር እየታየ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ጊዜ እንደገና ይጨመራል፤ በቀጭኑ መንጠባጠብ ሲጀምር ይዘጋል። ሞተር ጠፍቶ የተለካ ዘይት ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ «ዘይት ካስቀየርኩ በኋላ ካምቢዮው ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

«ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል»

ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲጨመቅ ካንዴላው ሳያቀጣጥለው በራሱ እንዳይፈነዳ የሚያሳየው ትዕግሥት ነው። በመደበኛ ቤንዚን እንዲሠራ የተነደፈ ሞተር ውድ ቤንዚን ሲቀዳለት አንዳች አያተርፍም። የቅንጦት ሴዳኖች ሞተር ግን አብዛኛው ቱርቦ ያለው፣ ብዙ የሚጨምቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታንኩ ክዳን ላይ 91 ሲል በአውሮፓ አቆጣጠር 95 ገደማ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ይመከራል» ከተባለ ዝቅተኛ ቢቀዳ ሴንሰሩ ሞተሩን ይጠብቀዋል፣ ጉልበትና ቁጠባ ግን ይቀንሳል። «ግዴታ ነው» ከተባለ ግዴታ ነው።

ከፍታ ነገሩን ያወሳስበዋል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የኤልኤስ 460 ባለ 4.6 ሊትር 8 ሲሊንደር፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ወይም ትንሽ የበለጠውን እዚያው ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ካንዴላና ፊልትሮ ሲያስቀይር ይከርማል። ያው ሞተር የሚገባው አየር ስላነሰ የሚያስፈልገው ኦክቴንም ዝቅ ይላል፤ በኮሎራዶ ተራሮች 85 የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ቱርቦውን ፈጠን አድርጎ የጎደለውን አየር ስለሚሞላ ጉልበቱን በአብዛኛው ይይዛል፤ የኦክቴን ፍላጎቱ ግን አይቀንስለትም። «ደጋ ነው፣ ተራው ቤንዚን ይበቃዋል» የሚለው ምክር ለአንዱ ልክ፣ ለሌላው ጉዳት ነው።

«ባትሪ ምን አለው፣ አውጥቶ ማስገባት ነው»

በቢኤምደብሊው ላይ አዲሱ ባትሪ ለመኪናው ኮምፒውተር ይመዘገባል። ካልተመዘገበ መኪናው አሮጌው እንዳለ ቆጥሮ ሲሞላው ይኖርና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ኤጂኤም (አሲዱ በፋይበር ተመጥጦ የተያዘበት የባትሪ ዓይነት) የነበረበት ቦታ ላይ ኤጂኤም ነው የሚገባው።

«ወንበሩ ቆዳ ነው፣ የቆዳ ቅባት ይፈልጋል»

ብዙው ቆዳ አይደለም። የመርሰዲስ አርቲኮ፣ የሌክሰስ ኑሉክስ፣ የቢኤምደብሊው ሴንሳቴክ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ቅባቱ ላያቸው ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ወንበሩ የተበሳሳና አየር የሚነፍስ ከሆነ ውኃ አይፈስስበት፤ ከሥሩ ማራገቢያ አለ።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰርቪስ የለውም»

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ አዲስ ለሚያስመጣ ሰው ምርጫው እንደ መርሰዲስ ኢኪውኤስ፣ ቢኤምደብሊው አይ7 ወይም ቢዋይዲ ሃን ወዳሉት ዞሯል። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ቤንዚን ፊልትሮ ቀርቷል፤ የደጋው ቀጭን አየርም ጉልበታቸውን አይነካውም። የቀረው ግን አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። መኪናው ሲዘገይ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ዲስኩ ግን ሥራ እየፈታ ይዝጋል፤ አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ መያዝ ያጸዳዋል። ኢኪውኤስ 2.5 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ጎማ ይበላል፤ ሲተካም በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር ከፋብሪካው ያነሰ መሆን የለበትም። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሲጎድል አምራቹ የጠቀሰው ዓይነት ብቻ ይጨመራል፤ የቧንቧ ውኃ ጨምሮ «ለጊዜው ነው» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። አቧራ በበዛበት ከተማ የውስጥ አየር ፊልትሮውም ከመመሪያው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል፤ ኤሲው ደከመ ተብሎ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት እሱን ማውጣትና ማየት ነው።