የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ እንግዳ መቀበል ላስተምር አስቤ ከራሴ ኃጢአት ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. 2011፣ የፍልሰታ ጾም ነው። አሜሪካ ውስጥ እኖርባት ከነበረችው አትላንታ ተነስቼ በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ለቅሶ ልደርስ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወንድም «እኔንም ይዘኸኝ ሂድ» አለኝ። የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለው አውቃለሁ። «መኪናው ሞልቷል» አልኩት።

በዚያ ዓመት ጁን 9 የአላባማ ገዥ ሮበርት ቤንትሊ ኤችቢ 56 የሚባለውን፣ ወረቀት በሌላቸው ስደተኞች ላይ የወጣ የክፍለ ግዛቱን ሕግ ፈርመው ነበር። ፖሊስ መኪና አስቁሞ ከተጠራጠረ የሰውየውን ወረቀት እንዲያጣራ አዘዘ። ትምህርት ቤት አዲስ የሚመዘገቡ ልጆችን የመኖሪያ ሁኔታ እንዲጠይቅም አዘዘ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ሰው እያወቁ ማሳፈር ወይም ቤት ማከራየት ወንጀል ሆነ። ሕጉ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነበር። ልቤ ግን ቀኑ ሳይደርስ ታዘዘው።

ኦገስት 1 የኤፒስኮፓል፣ የሜቶዲስትና የካቶሊክ ጳጳሳት ተባብረው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ እንዴት ወንጀል ይሆናል፣ ክርስቶስ ያዘዘንን እንዳንፈጽም ሊከለክሉን ነው ብለው ተከራከሩ። እኛስ? ብዙዎቻችን «በሕጋዊ መንገድ ይምጡ» እንላለን፤ ያውም ግሪን ካርዱ ኪሳችን ከገባ በኋላ።

«ጳውሎስ ለባለ ሥልጣን ተገዙ አላለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ብሏል። ግብርም ክፈሉ ብሏል። ነገር ግን ዘጸአት 1ን አንብቡ። ፈርዖን አዋላጆቹን ወንዶቹን ሕፃናት ግደሉ አላቸው፤ እነሱ እግዚአብሔርን ፈርተው እምቢ አሉ። «እግዚአብሔርም ለአዋላጆች መልካም አደረገላቸው» ይላል። ምሕረትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ላይ እምቢ ማለት ዓመፅ አይደለም።

ደግሞ ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አያቴ ቤት በምሽት ከደጅ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ በሩ ይከፈታል። እግሩ ይታጠባል። ያለው ይቀርባል። «ለመሆኑ ከወዴት ነህ?» የሚባለው ከእራት በኋላ ነው። ጌታም «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ሲል ወረቀት ስለነበረው እንግዳ ብቻ አልተናገረም። እሱ ራሱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ግብፅ ገብቷል። በጽጌ ጾም በየዓመቱ እንዘምረው የለ?

ሴፕቴምበር 28 የፌዴራል ዳኛዋ ሻሮን ብላክበርን የሕጉን ብዙ ክፍል አሳልፈው ያን የማሳፈር አንቀጽ አገዱት። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2004፣ የመስቀል ዕለት ነበር። ዜናውን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

ሉቃስ ስለ ቤተልሔም ሲጽፍ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ይላል። እዚያስ ቤቱ በእውነት ሞልቶ ነበር። እኔ በርሚንግሃም ድረስ የነዳሁት ብቻዬን ነው።