የጊታር ፒክአፕ ስንቀይር የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

በሠርግ ባንድ ሊድ ጊታር የሚጫወት አንድ ወዳጅ አለኝ። አክስቱ ከዋሽንግተን ለፋሲካ ልትመጣ ስለሆነ "ምን ላምጣልህ?" ብላዋለች። እሱ የፈለገው ፒክአፕ ነው። "ኦሙ ትልቁን አምጪልኝ ልበላት?" ሲለኝ ደነገጥኩ። በሰው ሻንጣ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ዕቃ አልስማማም ካለ ወደ ሱቁ የሚመልሰው የለም። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለን የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳን።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልናገር። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከራስ ፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያነቃንቀዋል፤ ሽቦው ውስጥም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ይህንን ነው።

"ኦሙ ትልቅ የሆነ ፒክአፕ ጉልበተኛ ነው"

በብዛት የምሰማው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጠፋውም በዚህ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ኪሎ ኦም የሽቦውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም፣ ብቻ ይነግራል። ሽቦው ሲረዝም ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሲቀጥንም እንዲሁ። ቴሌካስተር በሚባለው ጊታር ላይ በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ በተለምዶ የሚጠመጠመው ከሌሎቹ በቀጠነ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ 7.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። የስትራቶካስተር ጊታር ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ 6 አካባቢ ነው። ግን ቴሌውን ጉልበተኛ የሚል ማንም የለም፤ እንዲያውም ለስላሳ ነው። የማግኔቱን ብርታት ደግሞ ኦም የሚለካው ቴስተር ጨርሶ አያየውም።

ሌላም አለ። መዳብ በሞቀው ቁጥር ሬዚስታንሱ በየዲግሪው 0.4 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ በ12 ዲግሪ ጠዋት 8 ኪሎ ኦም የተለካ ፒክአፕ ድሬዳዋ በ32 ዲግሪ ከሰዓት ቢለካ 8.6 ያሳያል። ፒክአፑ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓይነት ሽቦና ማግኔት የሠራቸውን ሁለት ፒክአፖች ለማወዳደር፣ ወይም ሽቦው መበጠስ አለመበጠሱን ለማወቅ ነው።

"ጉልበተኛ ከሆነ ድምፁ ያምራል"

የሽቦው ዙር ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ልክ ነው። ግን በዚያው ልክ ቀጭኑ ድምፅ እየታፈነ ይሄዳል፤ ያ የሚያብለጨልጨው የክሩ ጫፍ ይደበዝዛል። ለሜታል ይሆናል። ለትዝታ ግን አይሆንም፤ ይህን የምለው ከራሴ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ በጣም የጋለ፣ ማለትም ዙሩ የበዛ ፒክአፕ ገዝቼ አስገባሁ። ትዝታን ስጫወት ጣቴን ባላላም ብጫንም የሚወጣው አንድ ዓይነት ጩኸት ሆነ። ትዝታ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው፦ አንዷን ኖታ ጎተት አድርጎ፣ የሚቀጥለውን ዳሰስ አድርጎ ማለፍ። ስድስት ወር ታግሼ አወጣሁት። ጉልበት ከተፈለገ አምፕሊፋየሩ ላይ ጌን የሚባል ቁልፍ አለ። ፒክአፑ አፍኖ ያስቀረውን ድምፅ ግን ምንም ቁልፍ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም።

"ሀምበከር ካስገባሁ ጩኸቱ በሙሉ ይጠፋል"

ሀምበከር የሚባለውን ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ በ1955 ጊብሰን በሚባለው የጊታር ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ሴዝ ላቨር የሚባል መሐንዲስ ነው። ዘዴው ድንቅ ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገናኛሉ፤ ማግኔታቸውም ይገለበጣል። ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅ (ሁምታ) እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ይደመራል። ይህ ድምፅ እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ አሜሪካ ካለው የ60 ኸርዝ ሁምታ ወፈር ይላል።

ሀምበከር የማያጠፋው ሌላ ጩኸት ግን አለ። ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። ጊታሩን አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ፣ ሳትጫወቱ፣ በቆማችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ። እየዞራችሁ ድምፁ ከፍና ዝቅ ካለ በማግኔት የሚመጣ ነው፤ ሀምበከር ይረዳል። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ጥዝዝታው ከቀነሰ ግን ችግሩ የሽፋን ነው፤ የጊታሩ ሆድ በመዳብ ፎይል ቢለበስና ፎይሉ ግራውንድ ቢደረግ ይሻላል። ያለ ግራውንድ የተዘረጋ ሶኬት ባለበት አዳራሽ ደግሞ ማንኛውም ፒክአፕ ሊጮህ ይችላል። አጥብቄ የምናገረው እዚህ ላይ ነው፦ ማይክሮፎን ከንፈራችሁን ሲነዝራችሁ ካያችሁ መጫወት አቁማችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠሩ። ያ የሕይወት ጉዳይ ነው።

"ድምፁ ካልጣመኝ ጥፋቱ የፒክአፑ ነው"

ወዳጄ የአንገት ፒክአፑ ወፍራም ክሮች ላይ "ይንጫጫል፣ ቅኝቱም ይዋዥቃል" አለኝ። አየነው፤ ክሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የስትራት ዓይነት ፒክአፕ ማግኔቱ ከክሩ በጣም ሲቀርብ ክሩን ይስበዋል፤ ክሩም በነፃነት መንቀጥቀጥ ያቅተዋል። ካቻቢቴ ይዘን የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነን፣ በግማሽ በግማሽ ዙር ዝቅ አደረግነው። በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ገደማ ሲሆን አቆምን። ደግሞ መታው፤ ዝም ብሎ አየኝ። ከሦስቱ ፒክአፖች ሁለቱን መቀየር እዚያው ቀረ።

"አልኒኮ ሞቅ ያለ ነው፣ ሴራሚክ ሻካራ ነው" የሚለውን ረጅም አላወራበትም። አልኒኮ ከብረት ጋር የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅልቅል የሆነ ማግኔት ነው፤ በዓይነቱም አልኒኮ 5 ከአልኒኮ 2 ይበረታል። ሴራሚክን ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ከጋለ ጥቅል ጋር ያጣምሩታል፤ ስሙን ያበላሸው ጥቅሉ ነው።

"ማንኛውም ፒክአፕ ማንኛውም ቦታ ይገባል"

አይገባም። ክሩ ድልድዩ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ የሚንቀጠቀጠው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ የድልድይ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ከአንገቱ ይልቅ ብዙ ዙር ይጠመጠማል። የክሮቹ ርቀትም ከጊታር ጊታር ይለያያል፤ በድልድዩ በኩል ጊብሰን ላይ ወደ 50፣ ስትራቶካስተርን በሚሠራው ፌንደር ላይ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ነው። የቮልዩሙ ፖቴንሽዮሜትርም (ከሚዞረው ቁልፍ ሥር ያለው ዕቃ) አለ፦ ለነጠላ ጥቅል ፒክአፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምበከር 500 የተለመደ ነው፤ ሀምበከር በ250 ሲታሰር ድምፁ ይደበዝዛል። ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ አቅጣጫቸው ተቃርኗል፤ የአንዱ ሁለት ሽቦዎች ቢቀያየሩ ይስተካከላል።

ክራር ላይ ይህንኑ ፒክአፕ መግጠም የሚያስቡ ልጆችም ይጠይቁኛል። የማግኔት ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። ጅማትም ናይለንም ለእሱ እንደሌለ ናቸው፤ ለዚያ ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚሰማ ፒዞ የሚባል ፒክአፕ ያስፈልጋል።

ወዳጄ በቆመበት ሲዞር የድልድዩ ፒክአፕ ሁምታ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ ለአክስቱ የጻፍንላት ይህ ነው፦ "ለድልድይ የሚሆን፣ በነጠላ ጥቅል መጠን የተሠራ ሀምበከር፤ ጉልበቱ መካከለኛ፤ በስድስት ነጥብ ፋንታ ቢላ የመሰለ ወጥ ብረት ያለው፤ አራት ሽቦ የሚወጣለት፤ የሽቦዎቹ ቀለም ዝርዝር ወረቀት እንዳይጠፋ።" ቢላው ወጥ ስለሆነ የክሩ ርቀት አያሳስበውም። የቀረውን ገንዘብ ሁለት 500 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትርና ሦስት ጥቅል ክር እንድታደርግለት ለመናት።