ፖሊትሪካሴ ምንድን ነው?

የወፍ ዋሻ ጫካን ያየ ሰው ስለ ጽዱና ስለ ዝግባው ያወራል። ግንዱና ድንጋዩ ላይ ስለተነጠፈው አረንጓዴ ነገር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ይህ ተክል ሞስ ነው። አበባ የለውም፣ ዘር የለውም፣ እውነተኛ ሥርም የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል እንደ ዱቄት የደቀቀ የመራቢያ ሕዋስ ነው። እንደ ታርማበር ያለ ጉም የማይለየው ደጋ ደግሞ ይስማማዋል።

በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞስ ዝርያዎች አሉ። ፖሊትሪካሴ ከነሱ መካከል ወደ 200 የሚሆኑትን የያዘ አስተኔ (ቤተሰብ) ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሞስ ሁሉ ጉደኛው።

አብዛኛው ሞስ አጭር ነው፤ ውኃን የሚጠጣው በገላው ሁሉ ነውና። የዚህ ቤተሰብ አባላት ግን በግንዳቸው መሃል ውኃ የሚያሳልፉ ቀጫጭን ሕዋሳት አሏቸው። ስለዚህ ቀና ብለው ይቆማሉ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሚበቅለው ዳውሶኒያ ሱፐርባ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ለሞስ ይህ ዛፍ መሆን ነው!

ቅጠላቸውም ይለያል። በላዩ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ስስ አረንጓዴ ረድፎች አሉ። ምግብ የሚሠራው በብዛት እዚያ ነው። ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ወደ ላይ ታጥፎ ግንዱን ይጠጋል፤ ውኃ ሲያገኝ መልሶ ይዘረጋል።

በብዙዎቹ ላይ የስፖሩ ከረጢት ጸጉራም ቆብ ይደፋል። ቆቡ ግን ለመለያ አይበቃም። አትሪኩም የሚባለው ወገን የዚሁ ቤተሰብ አባል ሆኖ ሳለ ጸጉራም ቆብ የለውም።

ዋናው መለያ የስፖር ከረጢቱ አፍ፣ በዙሪያውም የተደረደሩት ጥርስ መሰል ነገሮች ናቸው። የአብዛኞቹ ሌሎች ሞሶች ጥርስ ከሕዋስ ግድግዳ ቁራጭ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜም 16 ነው። እዚህ ጥርሱ ከሙሉ የሞቱ ሕዋሳት የተሠራ ሲሆን በአብዛኛው 32 ወይም 64 ይሆናል። በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ተወጥሯል። ነፋስ ከረጢቱን ሲያወዛውዘው ስፖሩ በጥርሶቹ መሃል ባሉት ቀዳዳዎች እንደ ጨው መነስነሻ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። አመዳደቡም ይህን ልዩነት ይከተላል፤ ቤተሰቡ ፖሊትሪኮፕሲዳ በተባለ የራሱ መደብ ሥር ተቀምጧል።

በጉዞ ላይ ቀና ያለ፣ ጠንካራ ቅጠል ያለው ሞስ ካጋጠማችሁ ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር እዩት። ረድፎቹ በቀላሉ ይታያሉ። ጥርሱን ለመቁጠር ግን ክዳኑ የወደቀ፣ የበሰለ ከረጢት መፈለግ ግድ ነው።