የአሥረኛ ክፍል መለያ፦ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ማሻሻያዎች

በኢትዮጵያ አንድ ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል ወይስ ወደ ሙያ ሥልጠና የሚለው የሚወሰንበት ክፍል ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በንጉሡና በደርግ ዘመን መለያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ነበር። በኋላ ወደ አሥረኛ ክፍል ወረደ፤ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ተመልሶ ወደ አሥራ ሁለተኛ ወጣ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዛሬ የሚቸገሩበት ብዙው ነገር ከዚህ ምልልስ የመጣ ነው።

የሙያ ትምህርት ራሱ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባው ተግባረ እድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብረት ሠራተኛ፣ መካኒክና ኤሌክትሪሺያን አፍርቷል። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፍቷል። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር፤ ማትሪክ ያላለፈው አብዛኛው ወጣት የሚሄድበት አልነበረውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተነሣው ይህን ለመለወጥ ነው። መዋቅሩ 8 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ (9ኛና 10ኛ)፣ 2 ዓመት መሰናዶ (11ኛና 12ኛ) ሆነ። በአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የመቁረጫ ነጥቡን ያመጣ መሰናዶ ይገባል፤ ያልደረሰው እንደ ውጤቱ 10+1፣ 10+2 ወይም 10+3፣ ማለትም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና ይመደባል። ዲፕሎማው የሚቆጠረው በዓመት ነበርና 10+3 የጨረሰ መካኒክ ሞተር መፍታት ቢያቅተውም ወረቀቱን ይይዛል። ቀጣሪዎች ቅሬታ ያነሡት በዚህ ነው።

የ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ስትራቴጂ ጥያቄውን ገለበጠው። ስንት ዓመት ተማርክ መባሉ ቀርቶ ምን መሥራት ትችላለህ ተባለ። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ሙያም ከኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ጋር የሙያ ደረጃ ተዘጋጀ። አንድ የሙያ ደረጃ በብቃት አሃዶች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አሃድ ሰልጣኙ የሚሠራውን ነገርና ሥራው የሚለካበትን መስፈርት ይዘረዝራል። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ የተግባሩም ሰፊ ክፍል በድርጅት ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲሰጥ ታቀደ።

ሁሉም ሰው «ሲኦሲ» የሚለው የብቃት ምዘና የተወለደው ከዚህ ነው። ሰልጣኙ በምዘና ማዕከል ይመዘገባል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ ከዚያ በመዛኝ ፊት ሥራውን ሠርቶ ያሳያል። ውጤቱ ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው፤ መካከለኛ ነጥብ የለም። ኮሌጅ ያልገባ ግን በጋራዥ ወይም በብየዳ ቤት ሙያውን የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ለብዙ ሠራተኛ ቀጥታ የጠቀመው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ዕቅዱ የሚበላሸው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ብየዳን እንውሰድ። ሰልጣኝ እጁ የሚጸናው ባለ 2.5 እና ባለ 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ደጋግሞ አቃጥሎ፣ ላሜራና አንግል ብረት ቆርጦ ነው። የኮሌጁ በጀት ሲዘገይ ወይም ጨረታው ሲጓተት መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ጥሬ ዕቃ ነው። በእርጥብ መጋዘን የከረመ ኤሌክትሮድ ደግሞ ሥራው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል፤ ሰልጣኙ ጥፋቱ የእጁ ይሁን የዕቃው መለየት ያቅተዋል። አንድ የብየዳ ማሽን ብዙ ሰልጣኞች ሲጋሩት አብዛኛው ቆሞ ተመልካች ነው። በሲኦሲ ቀን መዛኙ የሚያየው ግን የእያንዳንዱን እጅ ነው።

የትብብር ሥልጠናውም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ሰልጣኝ ለመቀበል በሕግ ከሚገደደው ይልቅ በፈቃዱ የሚያደርገው ይበልጣል፤ ውድ ማሽን በጀማሪ እጅ መስጠትም ያስፈራዋል። ስለዚህ ብዙ ሰልጣኝ ድርጅት ገብቶ መጥረግና ዕቃ ማቀበል ይሆንበታል። ውጤት የሚያመጣው ዘዴ ሰልጣኙ ድርጅት ከመግባቱ በፊት ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሰልጣኙ የትኞቹ የብቃት አሃዶች እዚያ እንደሚሸፈኑ በጽሑፍ ሲስማሙ፣ አሰልጣኙም በየጊዜው ሄዶ ሲከታተል ነው።

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው ከላይ ነው። አዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ መዋቅሩን 6+2+4 (6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) አደረገው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቴክኒክና ሙያ ከትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በ2014 ደግሞ በአዋጅ 1263 ወደ ተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። ሥልጠናን ከሥራ ገበያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረጉ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ዋጋው ግን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱና ኮሌጁ ተጠሪነታቸው ለየብቻ መሆኑ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲቀር ኮሌጆች በየዓመቱ ሰልጣኝ ያመጣላቸው የነበረው ምንጭ ደረቀ። አሁን በዋናነት የሚቀበሉት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰውን ነው። ያም ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ስርቆትን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይሰጣል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ ቀጥሎ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ከግማሽ በታች ካመጡት የተሻሉት ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ፤ የተረፈው ለኮሌጅ ነው። ቴክኒክና ሙያ «የወደቀ መግቢያ» የሚል ስሙን ያጸናበት ይኸው አመዳደብ ነው፤ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ሊሆን የሚችል ልጅም በዚያ ስም ይሸሻል።

የምዘናው ሥርዓት ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱትንም ይነካል። አዋጅ 923/2008 ሠራተኛ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል እንዲጨርስና የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ጠየቀ። የ2013ቱ ማሻሻያ የክፍል ደረጃውን ቢያነሣም የብቃት ማረጋገጫው ግን እንደ ግዴታ ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ ለቤት አያያዝ ወይም ለእንክብካቤ ሥራ ሳዑዲ የምትሄድ ወጣት አስቀድማ ሥልጠና ወስዳ መመዘን አለባት።

ኮሌጆችን ካስቸገሩት አንዱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የ2014ቱ ተፈታኞች ውጤት የወጣው በጥር 2015 ነበር። የመቁረጫ ነጥቡ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ በዚያ ዓመት አዲስ ሰልጣኝ የገባው ዓመቱ ከተጋመሰ ነበር። እንዲህ ሲዘገይ በቀሩት ወራት የአሃዶቹን ተግባር ጨርሶ ለትብብር ሥልጠና መላክ የሚቻለው ጥሬ ዕቃው ቀድሞ በመጋዘን ካለ ብቻ ነው።