«ከደንሞ የአሳማ ጎን ማምጣት ይችላል»

እንግሊዞች ከሚስቱ ጋር በፍቅር የሚኖር ባል ሲያዩ «እሱማ ከደንሞ የአሳማ ጎን ማምጣት ይችላል» ይሉ ነበር። በትዳሩ የታደለ፣ በማግባቱ አንድም ቀን ያልተጸጸተ ሰው ነው ማለታቸው ነው።

ግሬት ደንሞ ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ፣ በኤሴክስ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። አጠገቧ ሊትል ደንሞ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ከባይናርድ ቤተሰብ የሆነች ጁጋ የምትባል እመቤት በ1104 እ.ኤ.አ. ገዳም አሠራች። አባባሉ የመጣበት ወግም የዚህ ገዳም ነው። ከተጋቡ ዓመት ከአንድ ቀን የሞላቸው ባልና ሚስት ይመጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሹል ድንጋይ ላይ ይንበረከካሉ። «አልተጣላንም፣ ባላገባን ኖሮም አላልንም» ብለው ይምላሉ። ከዚያ በጨው የታሸ የአሳማ ጎን ተሸልመው ይሄዳሉ።

አብዛኞቻችን የአሳማ ሥጋ ስለማንበላ ሽልማቱ ላያጓጓን ይችላል። ለዚያ ዘመን ገበሬ ግን ትልቅ ነገር ነበር። እንደ ቋንጣ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ክረምቱን ሙሉ ቤተሰብ ይይዛል።

ማን ጀመረው? አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። የአካባቢው ጌታ ሬጂናልድ ፊትዝዋልተርና ባለቤቱ በ1104 የድሃ ልብስ ለብሰው ወደ ገዳሙ ሄዱ። ትዳራቸው እንዲባረክ ለመኑ። አለቃው በፍቅራቸው ተደንቆ የአሳማ ጎን ሰጣቸው። ጌታውም ማንነቱን ገለጠና «ለሚመጡ ባለትዳሮች ሁሉ እንዲህ አድርጉ» ብሎ ለገዳሙ መሬት ሰጠ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ዘመኑ አይገጥምም። በ1104 የደንሞ ጌቶች ባይናርዶች ነበሩ። ርስቱን ያጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ጋር ተጣሉና መሬታቸው ለክሌር ቤተሰብ ተሰጠ። ፊትዝዋልተሮች የወጡት ከዚህ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ወጉን የጀመረው ሮበርት ፊትዝዋልተር ነው የሚለው ሌላው ትረካ ለእኔ የተሻለ ያሳምናል። ሮበርት ተራ ሰው አልነበረም። በ1212 በንጉሥ ጆን ላይ በማሴር ተከስሶ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ1215 ደግሞ ያመፁትን መኳንንት እየመራ ንጉሡን የንጉሥ ሥልጣን የሚገድበውን ሰነድ፣ ማግና ካርታን፣ እንዲቀበል አስገደደው። ሲሞት የተቀበረው እዚያው ገዳም ውስጥ ነው።

አባባሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በመላ አገሩ ይታወቅ ነበር። ገጣሚው ቾሰር ከባሎቿ ጋር ስትነታረክ የኖረች ሴት «የደንሞ ሥጋ ለእነሱ አልመጣም» ስትል ያሰማናል። አንባቢው ወጉን ባያውቅ ኖሮ ይህ ንግግር ትርጉም አይኖረውም ነበር። ከገዳሙ መዝገብ የሚጠቀሱት ሽልማቶች የ1445፣ የ1467 እና የ1510 ናቸው። ሦስቱም ላይ የተጻፈው የባል ስም ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። መሐላው የሁለት ሰው ሰላም ነው፤ ሚስት ከሌለች ምን ሊሸለም ነው?

ገዳሙ በ1536 ተዘጋ። ግዴታው ግን ከርስቱ ጋር ለአዲሶቹ ባለመሬቶች ተላለፈ። በ1751 ቶማስ ሼክሻፍት የሚባል የሱፍ ሠራተኛ ከሚስቱ ከአን ጋር ተሸለመ። የተሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ስለነበር ሥጋውን እየቆረጡ ሸጡለት። ከዚያ በኋላ ባለርስቶቹ አንሰጥም አሉ። ወጉ እንደገና የተነሣው በ1855፣ በደራሲው ሃሪሰን ኤንስወርዝ ጥረት ነው።

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ «ሥጋውን ወደ ቤት አመጣ» ሲል ለቤተሰቡ እንጀራ አበላ፣ ተሳካለት ማለቱ ነው። ብዙዎች ይህም ከደንሞ የመጣ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። አነጋገሩ ስሙ የገነነው በ1906 ነው። የቦክስ ሻምፒዮኑ ጆ ጋንስ በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ሊጋጠም ሲል እናቱ በቴሌግራም በዚሁ ቃል አበረታታችው። እዚህ ወሬው ስለ ገንዘብና ስለ ድል ነው። የደንሞው ግን ስለ ትዳር ሰላም ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የቆየውን ትርጉም ያጠፋዋል።

በግሬት ደንሞ ሥጋው ለማን እንደሚገባ የሚወስን ችሎት አሁንም በየአራት ዓመቱ ይሰየማል። ዳኛ አለ። ስድስት ያላገቡ ሴቶችና ስድስት ያላገቡ ወንዶች ይፈርዳሉ። አንዱ ጠበቃ ለባለትዳሮቹ ይከራከራል፤ ሌላው ደግሞ ለሥጋው ቆሞ አይገባቸውም ይላል። ያሸነፉትን በወንበር ተሸክመው ወደ ገበያው ይወስዷቸዋል፤ መሐላውንም እንደ ጥንቱ ሹል ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ይፈጽማሉ። ለመወዳደር የከተማዋ ተወላጅ መሆን አያስፈልግም። ከየትም አገር ይምጡ፣ ዓመት ከአንድ ቀን የሞላቸው ባልና ሚስት ማመልከት ይችላሉ።