የልብወለድ አጨራረስ፦ አንባቢን የሚያጠግበው ምንድን ነው?

የልብወለድ አጨራረስ የሚባለው የታሪኩ ዋና ግጭት ከጦዘበት ቦታ አንስቶ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያለው ክፍል ነው። ጡዘቱን ከአጨራረሱ የማይቆጥሩም አሉ። ብዙዎቻችን «መቋጫ» እንለዋለን፤ ጥሩ ቃል ነው። ሸማ ጫፉ የሚቋጨው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ካልተቋጨ ይተረተራል።

ስለ አጀማመር የሚሰጥ ምክር ሞልቷል። አጨራረስ ግን ብዙ ጊዜ «አንባቢን የሚያረካ ይሁን» ተብሎ ይታለፋል። ማርካት ማለት ምን እንደሆነ የሚናገር ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለው አንዱ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መገረም እና መልስ

ጥሩ አጨራረስ ማለት ያልተጠበቀ አጨራረስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ገና ሽፋኑ ላይ ተናግሮ ነበር። መቃብር አለ። አንባቢው ይህን እያወቀ ነው የሚገባበት። እያወቀም የበዛብህና የሰብለወንጌል ነገር ሲያልቅ እንባው ይመጣል። እዚህ የሚያጠግበው «ምን ሆነ» ሳይሆን «እንዴት እዚያ ደረሰ» ነው።

የሥነ ልቦና ምርምር እዚህ ነጥብ ላይ ዘግየት ብሎ ነው የደረሰው። በ2011 ሌቪትና ክሪስተንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች አጫጭር ታሪኮችን ለሰዎች አስነበቡ። አንዳንዱን መጨረሻውን አስቀድመው እየነገሩ፣ አንዳንዱን ሳይነግሩ። በአማካይ ይበልጥ የተወደደው መጨረሻው የታወቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም፤ ነገሩ ገና ያከራክራል።

አንባቢ የሚጠብቀው መልስ ነው። እያንዳንዱ ልብወለድ በመጀመሪያ ገጾቹ አንድ ጥያቄ ያስቀምጣል። አንድ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል እንበል። የመጣው «ለምን ሰደድከኝ?» ብሎ ሊጠይቅ ነው። አራት መቶ ገጽ ካነበብን በኋላ አባትየው ሞቶ ለልጁ ብዙ ገንዘብ ይተውለታል። መጽሐፉ አለቀ። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ግን ጥያቄውስ? አንባቢው እንደተሸወደ ይሰማዋል፤ ልክም ነው። መልሱ «አባትየው ራሱም ምክንያቱን አያውቀውም ነበር» ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። መራራ መልስ መልስ ነው። የሌላ ጥያቄ መልስ ግን መልስ አይሆንም።

ከላይ የሚወርድ መፍትሄ

በጥንታዊ የግሪክ ቴአትር ነገሩ ሲወሳሰብ አምላክ ሆኖ የሚተውነው ሰው በማንሻ መሣሪያ ተንጠልጥሎ ይመጣና ሁሉን ይፈታው ነበር። አርስቶትል ይህን አልወደደም። መፍትሄው ከታሪኩ ከራሱ መውጣት አለበት አለ። ለመጥፎ ምሳሌነት ያነሳውም የዩሪፒደስን ተውኔት «ሜዲያ» ነው። ዛሬ አምላኩ ቀርቷል። በምትኩ ያልተጠበቀ ውርስ፣ በሰዓቱ የደረሰ የመኪና አደጋ፣ ወይም «ለካ ሁሉም ሕልም ነበር» አለ። መድኃኒቱ ንግር ነው፤ ማለትም አስቀድሞ የሚዘራ ፍንጭ። መጨረሻ ላይ የሚተኮስ ሽጉጥ ቀደም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መታየት አለበት። የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊዎችማ ጉዳዩን ሕግ አድርገውታል። ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በ1928 ባወጣቸው 20 ደንቦች አንባቢው ከመርማሪው እኩል ዕድል እንዲያገኝ ጠይቋል።

የእንግሊዝ 19ኛው ክፍለ ዘመን

ስለ አጨራረስ በደንብ የተመዘገበልን ዘመን ይህ ነው። ምክንያቱ ኅትመቱ ነው። የቻርልስ ዲክንስ «ፒክዊክ ፔፐርስ» ከ1836 ጀምሮ በየወሩ በቀጭን ጥራዝ ይወጣ ነበር። 20 ክፍል ነበረው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን አንድ ላይ ታትመው ወጡ። አካሄዱ ለኋለኞቹም ተለመደ። መቋጫው ድርብ ቦታ ነበረው ማለት ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ የት እንደደረሰ ለመናገር ይበቃል።

ሌላው መልክ ባለ ሦስት ቅጹ ልብወለድ ነው። እንደ ሙዲ ያሉ በክፍያ መጽሐፍ የሚያከራዩ ቤቶች ሦስቱን ቅጽ ለየብቻ ያውሱ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ደንበኛ መሆኑ ነው። ደራሲው ታሪኩ ቢያልቅበትም ሦስተኛውን ቅጽ መሙላት ነበረበት። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በሠርግ፣ በውርስና በልጆች ስም የተጨናነቁት በከፊል ለዚህ ይመስላል። ሄንሪ ጄምስ በ1884 ባወጣው መጣጥፍ በዚህ ተሳልቋል፤ ለብዙ ሰው ጥሩ መጨረሻ ማለት ሽልማት፣ ጡረታ፣ ባል፣ ሚስት፣ ሕፃንና ሚሊዮኖች ማከፋፈል ሆኗል ሲል። ባለ ሦስት ቅጹ ከ1894 በኋላ፣ ትልልቆቹ አከራዮች ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ ቶሎ ጠፋ።

ከዘመኑ ሁሉ ብዙ የተወራለት የዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ነው። በመጀመሪያ የጻፈው አጨራረስ አጭርና ቀዝቃዛ ነበር። የታሪኩ ባለቤት ፒፕ ለንደን ውስጥ የአሳዳጊውን የጆ ጋርጄሪን ትንሽ ልጅ ይዞ ሲሄድ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት ኤስቴላ ሠረገላ ውስጥ ሆና ታስጠራዋለች። ሌላ ሰው አግብታለች። ልጁ የፒፕ ይመስላታል፤ እሱም አያርማትም። ይጨባበጣሉ። አለቀ። የዲክንስ ጓደኛ፣ ደራሲው ኤድዋርድ ቡልወር-ሊተን፣ ይህን አንብቦ እንዲለውጠው መከረው። ዲክንስ ሰማው። በ1861 የታተመው አጨራረስ ሁለቱን በልጅነታቸው በተዋወቁበት፣ አሁን በፈረሰው ቤት የአትክልት ቦታ፣ በምሽት ጉም ውስጥ ያገናኛቸዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርም በ1862 እትም ላይ እንደገና ነካክቷታል። ተጋቡ ወይስ ተለያዩ? ዛሬም አልተቆረጠም።

የመጀመሪያው አጨራረስ በይፋ የታወቀው ጆን ፎርስተር በጻፈው የዲክንስ የሕይወት ታሪክ ነው። ፎርስተር እሱን ነበር የመረጠው። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾውም እንዲሁ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከነሱ ወገን ነው፤ ያ «አያርማትም» የሚለው ዝምታ ከጉሙ ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛውን የሚወዱትም ምክንያት አላቸው። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ አንባቢው ትንሽ ብርሃን ይገባዋል ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክፍት አጨራረስ በረከተ። ጆን ፋውልስ በ1969 ባወጣው «ዘ ፍሬንች ሌፍተናንትስ ውማን» ከአንድ በላይ አጨራረስ አቅርቧል። ክፍት ሲባል ግን ያልታሰበበት ማለት አይደለም። ሄሚንግዌይ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ላይ የመጨረሻውን ገጽ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል። በ2012 የወጣው እትም 47 ዓይነት ሙከራ ይዟል። የታተመው መጨረሻ በጣም ቀላል ነው፤ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ በዝናብ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል።

አንድ ምዕራፍ ምን ያህል እንደሚለውጥ ደግሞ የአንተኒ በርጀስ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ያሳያል። በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ሲወጣ 21 ምዕራፍ ነበረው። የአሜሪካው እትም ግን የመጨረሻውን፣ ዓመፀኛው ወጣት ባለታሪክ አድጎ ዓመፅ የሚሰለችበትን፣ ቆርጦ ጣለው። የተመለሰው በ1986 ነው። እስከዚያ ሁለት አገር፣ በአንድ ርዕስ፣ ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ያነብ ነበር።

መጽሐፉ እጅ ላይ

ልብወለድ ፊልም የሌለው አንድ ጣጣ አለበት። አንባቢው መጨረሻው መቃረቡን በጣቱ ያውቀዋል። የቀሩት ገጾች ይሳሳሉ። ጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ላይ በዚሁ ቀልዳለች፤ ገጹ ማለቁ ራሱ ወደ ደስታ እየተጣደፍን መሆኑን ያሳብቃል በሚል። ስለዚህ 20 ገጽ ሲቀር አዲስ ገጸ ባህሪ ከመጣ አንባቢው ወዲያው ይጠራጠራል። ረቂቅ የሚያነቡ አርታኢዎች ደግሞ ሌላ ምልክት ያውቃሉ፦ እስከዚያ በሰዓት ይሄድ የነበረ ታሪክ በድንገት በዓመት መዝለል ይጀምራል። ደራሲው ደክሞታል።

ያልተጨረሱት

ዲክንስ በ1870 ሲሞት «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር» ከ12 ክፍል 6ቱ ብቻ ተጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በየፊናቸው ጨርሰውለታል፤ አንዳቸውም የመጽሐፉ መጨረሻ ሆነው አልጸኑም። የፍራንዝ ካፍካ «ቤተ መንግሥቱ» ከሞተ በኋላ በ1926 ታተመ። የእጅ ጽሑፉ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ይቆማል። ጓደኛው ማክስ ብሮድ እንደተረከው ካፍካ መጨረሻውን በቃል ነግሮታል፦ የታሪኩ ባለቤት ኬ. ሊሞት ሲያጣጥር፣ በመንደሩ የመኖር መብት ባይኖረውም መቆየት እንደተፈቀደለት የሚገልጽ መልእክት ይደርሰዋል። አንባቢው እንግዲህ መጨረሻውን ያውቀዋል። ወደዚያ የሚያደርሱት ገጾች ናቸው የሌሉት።