ኤይቲን ኤክስኤክስ ምንድን ነው?

ኤይቲን ኤክስኤክስ የአንድ ጨዋታ ስም አይደለም። ብዙ ጨዋታዎችን የያዘ የቤተሰብ ስም ነው። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘርግቶ የሚጫወቷቸው፣ የባቡር ኩባንያዎችን አክሲዮን እየገዙ እየሸጡ የሚፎካከሩባቸው ናቸው። አብዛኞቹ የተሰየሙት በዓመት ነው፦ 1829፣ 1830፣ 1846፣ 1856፣ 1889 እያለ ይሄዳል። 18 ቁጥሩ ለአብዛኞቹ የጋራ ነው፤ ሁለቱ ኤክሶች የቀረውን ዓመት ይተካሉ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ፍራንሲስ ትሬሻም የሚባል እንግሊዛዊ ነው። 1829ን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጣ። ካርታው ደቡብ እንግሊዝ ነበር። በ1986 ደግሞ አቫሎን ሂል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የዚሁን ሰው 1830 ለገበያ አቀረበ። የዚህኛው ካርታ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ውስጡ ስምንት ኩባንያዎች አሉ፤ ፔንሲልቫኒያ፣ ኒውዮርክ ሴንትራል፣ ኢሪ፣ ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮና ሌሎችም፣ ሁሉም በእውን የነበሩ። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የመጀመሪያውን የመስመሩን ክፍል ለመንገደኛ የከፈተው በዚያው በ1830 ነው። ዛሬም ተጫዋቾች አዲስ ጨዋታ ሲመጣ "ከ1830 በምን ይለያል?" ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ደንቦችና ቁጥሮች የ1830 ናቸው።

ጨዋታው እንዲገባችሁ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። የእናንተ ኪስና የኩባንያው ካዝና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናንተ ባለ አክሲዮን ናችሁ እንጂ ኩባንያው አይደላችሁም። መጨረሻ ላይ የሚቆጠረው በእጃችሁ ያለው ጥሬ ገንዘብና የአክሲዮኖቻችሁ የገበያ ዋጋ ነው። በኩባንያው ካዝና ውስጥ የቀረ ገንዘብ ለማንም አይቆጠርም። የሠራችሁት ሐዲድ ርዝመትም አይቆጠርም። አዲስ ተጫዋች ሁሉ መጀመሪያ ላይ ኩባንያውን እንደ ልጁ ነው የሚያሳድገው። ጎበዝ ተጫዋች ግን "ይህ ኩባንያ ለኪሴ ምን አደረገ?" ብሎ ይጠይቃል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ዙር ይፈራረቃል። በአክሲዮን ዙር ተጫዋቾች በየተራ በገዛ ገንዘባቸው ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። በሥራ ዙር ደግሞ ተራው የኩባንያዎቹ ነው፤ ሐዲድ ያነጥፋሉ፣ ጣቢያ ይከፍታሉ፣ ባቡር ያስነዳሉ፣ ገቢ ይሰበስባሉ፣ አዲስ ባቡር ይገዛሉ። ለኩባንያው የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው። ፕሬዚዳንት የሚሆነው ደግሞ ብዙ አክሲዮን የያዘው ሰው ነው። ምርጫ የለም፣ ሹመት የለም። ከእናንተ የበለጠ የያዘ ሰው በመጣ ደቂቃ ወንበሩ የእሱ ነው።

አንድ ኩባንያ አሥር እጅ ተደርጎ ይከፈላል። የፕሬዚዳንቱ ወረቀት ብቻውን 20 በመቶ ነው፤ የቀሩት ስምንቱ አሥር አሥር በመቶ ናቸው። የፕሬዚዳንቱን ወረቀት መጀመሪያ የሚገዛው ሰው የአክሲዮኑን መነሻ ዋጋ ይቆርጣል፤ ዝቅተኛው 67 ዶላር፣ ከፍተኛው 100 ነው። ኩባንያው ሥራ የሚጀምረው 60 በመቶው ሲሸጥ ነው። ያኔ የመነሻውን ዋጋ አሥር እጥፍ ካዝናው ውስጥ ይቀበላል። 100 ብላችሁ ከቆረጣችሁ ኩባንያው 1,000 ዶላር ይዞ ይነሣል ማለት ነው። ጥሩ ገንዘብ ነው። ችግሩ አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ እያንዳንዱ ሰው የሚነሣው በ600 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ መጀመሪያ በሚካሄደው ጨረታ አነስተኛ የግል ድርጅቶችን ትገዛላችሁ። የቀረው ገንዘብ ስድስት አክሲዮን በ100 ሊገዛ አይችልም። ወይ ዋጋውን ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ ወይ ጓደኛችሁ እንዲገዛላችሁ ታግባባላችሁ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ገንዘባችሁ ከሌላ ሰው ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገውም ይኼ ነው።

ባቡር ሮጦ ገቢ ሲያስገባ ፕሬዚዳንቱ ሁለት ምርጫ አለው። ገቢውን ለባለ አክሲዮኖች ያከፋፍላል፣ ወይም ካዝና ውስጥ ያስቀራል። ባቡሩ 80 ዶላር ካስገባ በአንድ አክሲዮን 8 ዶላር ይደርሳል። ካከፋፈለ የአክሲዮኑ ዋጋ በገበያ ሰሌዳው ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይጨምራል። ካስቀረ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይቀንሳል። ሰው አክሲዮን ሲሸጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ይኸው ነው። ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። ዳይስ የለም፤ የሚሳብ የዕድል ካርድ የለም። ሞኖፖሊ የለመደ ሰው ቶሎ የማይገባው ይህ ነው። እዚህ የደረሰባችሁ ነገር ሁሉ ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠ አንድ ሰው ያደረገው ነው።

አሁን ወደ ባቡሮቹ። የጨዋታው ሰዓት እነሱ ናቸው። ባቡሮች በደረጃ ነው የሚሸጡት። ሁለት ከተማ የሚደርሰው ባለ ሁለት ባቡር 80 ዶላር ነው፤ ስድስት ብቻ አሉ። ባለ ሦስቱ 180፣ ባለ አራቱ 300፣ ባለ አምስቱ 450፣ ባለ ስድስቱ 630። መጨረሻ ላይ የናፍጣ ባቡሩ በ1,100 ይመጣል። የመጀመሪያው ባለ አራት ሲገዛ ባለ ሁለቶቹ በሙሉ ይዝጋሉ፤ ከጨዋታው ይወጣሉ። የማንም ይሁኑ፣ ትናንት የተገዙም ቢሆኑ፣ ካሳ የለም። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ባለ ሦስቶቹን ያዝጋል፤ ናፍጣው ባለ አራቶቹን።

መስመር ያለው ኩባንያ ደግሞ ያለ ባቡር መቆም አይችልም። የመግዛት ግዴታ አለበት። ካዝናው ካልበቃ የጎደለውን ፕሬዚዳንቱ ከኪሱ ይሞላል። ሁለቱ ኪሶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የሚገናኙትም በክፉ ቀን ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን 90 ዶላር ደርሷል እንበል። ፕሬዚዳንቱ ሦስት እጅ ይዟል፣ ጓደኛው ሁለት። ኩባንያው ሁለት ባለ ሁለት ባቡሮች አሉት፤ ካዝናው ውስጥ 60 ዶላር ብቻ ቀርቷል። ገቢውን ሁሉ ሲያከፋፍል ስለቆየ ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። ባለ ሦስት ባቡሮች ግን ተሸጠው አልቀዋል። ቀጥሎ የሚሸጠው ባለ አራቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ይህን አስቀድሞ ቆጥሯል። በአክሲዮን ዙር ተራው ሲደርስ ሦስቱንም ይሸጣል። 270 ዶላር ኪሱ ይገባል፣ ዋጋው ሦስት ደረጃ ይወርዳል። ሁለት እጅ የያዘው ጓደኛ ሳይጠየቅ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ቀጥሎ የሥራ ዙር ይመጣል። ኩባንያዎች የሚሠሩት በአክሲዮን ዋጋቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ዋጋው የወደቀው ኩባንያ ወደ ኋላ ተገፍቷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የሚመራው ሌላ ኩባንያ ይቀድማል። በ300 ዶላር የመጀመሪያውን ባለ አራት ይገዛል። ባለ ሁለቶቹ ሁሉ ዛጉ። የጓደኛው ተራ ሲደርስ በእጁ ባቡር የሌለው ኩባንያ፣ 60 ዶላር ካዝናና የ300 ዶላር ግዴታ አለ። 240 ከኪሱ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ ከሌለው የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን በወደቀ ዋጋም ቢሆን ይሸጣል። ያንን የተቃጠለ ወንበር ለሌላ ለማሻገር ግን በዚህ ሰዓት አይፈቀድለትም። ሁሉን ሸጦም ካልሞላ ከሰረ፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ገንዘብ ተቆጥሮ ከቀሩት ሀብታሙ ያሸንፋል።

እኔ በዚህ ጨዋታ ከምወዳቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጓደኛው የተጎዳው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጥሩ የሚከፍል አክሲዮን ገዛ፣ ትክክል ነበር። የረሳው የኩባንያውን ካዝናና የሚቀጥለውን ባቡር መመልከት ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ሁለተኛውን አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት ሁለቱንም አይቶ ነው።

ካዝናን ወደ ኪስ የሚያሻግር ሕጋዊ መንገድም አለ። በጨረታ የተገዙት የግል ድርጅቶች የመጀመሪያው ባለ ሦስት ባቡር ከተሸጠ በኋላ ለኩባንያ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ዋጋቸውም እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ካምደን ኤንድ አምቦይ የሚባለው የተጻፈበት ዋጋ 160 ዶላር ነው። እኔ የምመራው ኩባንያ ከእኔ በ320 ሊገዛው ይችላል። ሻጩም ገዢውም እኔ ነኝ። የሌሎቹ ባለ አክሲዮኖች ፈቃድ አይጠየቅም። ደንቡ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም፤ ሁሉም እያየው ነው የሚደረገው።

ይህ ሁሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የ1830 ሙሉ ስም "የባቡር ሐዲዶችና ዘራፊ ባለሀብቶች" እንደ ማለት ነው። በ1868 የባቡር ባለሀብቱ ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት የኢሪን ባቡር ኩባንያ ለመጠቅለል አክሲዮኑን ከገበያ ይሰበስብ ጀመር። ኩባንያውን የያዙት ዳንኤል ድሩ፣ ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ ደግሞ አዲስ አክሲዮን እያተሙ ሸጡለት። እሱ በገዛ ቁጥር እነሱ ያትማሉ። ሊታሰሩ ሲሉ ገንዘቡን ይዘው የሃድሰንን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሌላ ግዛት፣ ጀርሲ ሲቲ ገቡ። ሐዲዱ ላይ የሚጓዘው ሕዝብ ምን እንዳገኘ ማንም የጠየቀ አልነበረም። ትሬሻም ይህን ዓለም በጥቂት ገጽ ደንብ ውስጥ ማስገባቱ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው።

የእኛም ባቡር ከዚህ ዓይነት ታሪክ አልራቀም። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ገንዘብ ሲያጥር የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን እየገዙ ገቡበት። መስመሩ ከእጁ እንዳይወጣ የሠጋው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ገንዘብ ይዞ ጣልቃ ገባ። በዚያው ዓመት ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው ግን አልጸናም፣ ከሰረ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1917 የደረሰው በሌላ ኩባንያ እጅ ነው። ሐዲዱ ቀረ፣ የመጀመሪያዎቹ ባለ አክሲዮኖች ተለወጡ። 1830ን የተጫወተ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ እያንዳንዷ እርምጃ ትገባዋለች። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስለ አክሲዮን የሚያወራው ሰው ጨምሯል። ጨዋታው የኢንቨስትመንት ትምህርት ነው አልልም። "ትርፍ ከፈለ" እና "ካዝናው ጤነኛ ነው" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከጓደኛ ጋር መጫወትን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ተነጋገሩ። 1830 አራትና አምስት ሰዓት በቀላሉ ይበላል፤ ለጀማሪዎች ከዚያም ይበልጣል። ቀጥሎ፣ ኩባንያ ጥሎ መውጣት የጨዋታው አካል መሆኑን ሁሉም ሰው ከመጀመሩ በፊት ይስማ። ያልተነገረው ሰው ይቀየማል፤ እውነትም አለው። የተነገረው ሰው ግን ይጠነቀቃል፣ ሲደርስበትም "እንዴት አላየሁም!" ብሎ ይስቃል። የወረቀት ብሩን ትታችሁ የፖከር ቺፕ ተጠቀሙ። በሺህ የሚቆጠር ክፍያ በወረቀት መክፈል አሰልቺ ነው፤ ቺፕ ሲሆን የማን ካዝና ባዶ እንደሆነም በዓይን ይታያል። አንድ ሰው ባንኩን ይያዝ፣ ሌላው የገበያ ሰሌዳውን።

በ1830 አትጀምሩ። በጃፓን ሺኮኩ ደሴት ላይ የተሠራው 1889 ለሦስትና ለአራት ሰው ይመቻል፤ ካርታው ትንሽ ነው፣ ሰባት ኩባንያ ብቻ ነው ያለው፣ ደንቡ ግን ከ1830 ብዙም አይርቅም። 18ቼሳፒክም ለጀማሪ ታስቦ የተሠራ ነው። ሳጥኑ ውድ ነው ወይም አይገኝም የምትሉ ደግሞ 18ኤክስኤክስ ዶት ጌምስ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። ሒሳቡን ራሱ ይሠራል፣ ያልተፈቀደ እርምጃ አያስወስድም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን ሆኖ በቀን አንድ ሁለት እርምጃ እየወሰዱ መጫወት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ጨዋታው እስኪያበቃ፣ ማለትም ባንኩ ገንዘብ እስኪጨርስ ድረስ መድረስ ላይሆንላችሁ ይችላል። አትጨነቁ። የምታቆሙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የተጀመረውን የሥራ ዙር ጨርሱና ኪስና አክሲዮን ደምሩ። ባለ አራት ባቡሮች ወጥተው ባለ ሁለቶቹ ሲዝጉ ካያችሁ፣ ለአንድ ቀን በቂ አይታችኋል።